ክረምት፣ ሻጋታና የልጆቻችን የመማሪያ ክፍል

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ዓመት በሞት የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍሳቸውን ይማር እያልን፣ ያዘናችሁትን ሁሉ ፈጣሪ ያጽናችሁ እንላለን።

ዛሬ የያዝነው ርእስ ለእድር ስብሰባ እንግዳ ሊመስል ይችላል። እድር የተቋቋመው ሰው ሲሞት ለመቅበር፣ ድንኳን ለመትከል፣ ለቀስተኛ ለማስተናገድና ያዘነውን ለማጽናናት ነው። «ስለ ትምህርት ቤት አየር እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ይህን ጥያቄ እኛም ራሳችንን ጠይቀናል። መልሱን ያገኘነው ግን ከገዛ ድንኳናችን ነው። ስለዚህ ነገሩን ከድንኳኑ እንጀምር።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ነሐሴ አንዲት እናታችን ዐርፈው ድንኳኑ ሦስት ቀን ተተክሎ ሰነበተ። ሦስቱንም ቀን ዝናቡ ፋታ አልሰጠም። በሦስተኛው ቀን ማታ ድንኳኑ ተነቀለና ውሃው እየተንጠባጠበ ተጠቅልሎ፣ ከነሰሌኑ፣ ትምህርት ቤቱ በውሰት ወደ ሰጠን ዕቃ ቤት ገባ። «ነገ እናሰጣዋለን» ተባለ። ነገ ዘነበ፤ ከነገ ወዲያም ዘነበ፤ ከዚያ በኋላ ተረሳ። ጥፋቱን በንብረት ያዣችን ላይ መጣል አንፈልግም። በዚያ ምሽት ድንኳኑን የተሸከምነው ብዙዎች ነን፤ ርጥብ መሆኑን የሁላችንም ትከሻ ያውቀዋል።

መስከረም ላይ ለሌላ ለቅሶ በሩን ስንከፍት ሽታው ገፍቶ መለሰን። ድንኳኑ ግራጫና አረንጓዴ ነጠብጣብ ለብሷል። ሰሌኑን ስናነሳው እንደ አመድ ያለ ነገር ቦነነ። ያ ዕቃ ቤት የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ከሚማሩበት ክፍል የሚለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ግድግዳውም ጣራው ድረስ አይደርስም፣ ከኮርኒሱ በላይ ክፍት ነው። መምህርቷ «ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ልጆቹ ያስነጥሳሉ፣ ዓይናቸውን ያሻሉ፤ እኔ ጉንፋን ነው ብዬ ነበር» አሉን።

ከነዚያ ልጆች አንዱ የአባላችን ልጅ ነው፤ አስም አለበት። በዚያው ሳምንት ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት በአባቱ ጀርባ ታዝሎ ጤና ጣቢያ ተወሰደ። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ተሰጥቶት ተሻለው፤ ዛሬ ደኅና ነው። የመረመረው ሐኪም «ምክንያቱ ድንኳናችሁ ነው» አላለም፤ እንዲህ ብሎ በእርግጠኝነት መናገርም አይቻልም። የጠየቀው ግን አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ልጁ የሚውልበት ቤት ይሻግታል ወይ?» መልሱን እናውቅ ስለነበር አፈርን።

ከዚህ በኋላ ኮሚቴው ከመካከላችን ሦስታችንን መርጦ ነገሩን አጣርተን ለጉባኤው እንድናስረዳ አዘዘን። አንዳችን በጤና ሥራ ቆይተን ጡረታ የወጣን፣ አንዳችን መምህርት፣ አንዳችን ግንበኛ ነን። ያየነውንና የተረዳነውን በአጭሩ እናቀርባለን።

ሻጋታ ምንድን ነው?

ሻጋታን የማያውቅ ቤት የለም። በክረምት እንጀራ ሦስት አራት ቀን ሲያድር መጀመሪያ እንደ ጥጥ ነጭ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። አልጋ ሥር የከረመ የቆዳ ጫማ ሽበት ያበቅላል። ይህ ሁሉ ፈንገስ ከሚባለው የፍጥረት ወገን ነው። ከዝናብ በኋላ ሜዳ ላይ ብቅ የሚለው እንጉዳይም፣ ሊጣችንን የሚያቦካው እርሾም የዚሁ ወገን ናቸው። ፈንገስ ተክል አይደለም፤ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን መሥራት አይችልም። ሻጋታ የሚኖረው እንጨት፣ ጭድ፣ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ምግብና አቧራ የመሳሰለውን እያበሰበሰ ነው። ይህን ባያደርግ ኖሮ የወደቀ ቅጠል ሁሉ እንደወደቀ ይቀር ነበር፤ ስለዚህ በቦታው ጠቃሚ ፍጥረት ነው።

የሚዛመተው ስፖር በሚባል ዘር ነው። በአየር ላይ የሚገኙት የብዙዎቹ መጠን ከ2 እስከ 10 ማይክሮሜትር ይሆናል። ማይክሮሜትር ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮሜትር ስለሚደርስ፣ በአንዲት ጠጉር ውፍረት ላይ አሥርና ሃያ ዘር ጎን ለጎን ሊደረደር ይችላል ማለት ነው። ዓይን አያየውም፤ ቀላል በመሆኑም ጥቂት ነፋስ ካገኘ ይንሳፈፋል። ትልልቆቹ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራሉ፤ ትንንሾቹ ግን እስከ ሳንባ ይዘልቃሉ።

በአየር ላይ አዘውትረው የሚገኙት ክላዶስፖሪየም፣ አልተርናሪያ፣ ፔኒሲሊየምና አስፐርጂለስ የሚባሉት ናቸው። ስማቸው ከባድ ቢሆንም ከመካከላቸው አንዱን በውለታው እናውቀዋለን። በ1928 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የተባለው ሐኪም ባክቴሪያ በሚያሳድግበት ሳህን ላይ አንድ የፔኒሲሊየም ዘር ዐርፎ በቀለና በዙሪያው ያለውን ባክቴሪያ አጠፋው። ፔኒሲሊን የተባለው መድኃኒት የተገኘው ከዚህ ነው። የሻጋታ ዘር ሳይጠራ በአየር የሚመጣ እንግዳ መሆኑን ከዚህ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

እኛም በትንሹ ለማየት ሞከርን። ከአንድ እንጀራ ሦስት ቁራሽ ቆርጠን፣ አንዱን በዕቃ ቤቱ፣ አንዱን በሁለተኛ ክፍል፣ አንዱን በደጅ ለአንድ ሰዓት አስቀመጥናቸው። ከዚያ በንጹሕ ፌስታል ቋጥረን አቆየናቸው። ሦስቱም ሻገቱ፤ ፈጥኖ የሻገተው ግን የዕቃ ቤቱ ነበር። ይህ የላቦራቶሪ ምርመራ አይደለም፤ እንጀራው ራሱ ከመሶብ ይዞት የመጣ ዘር ሊኖር ይችላል። ባለሙያዎች ሲመረምሩ ለሻጋታ የሚስማማ ምግብ ያለበትን ሳህን ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ፣ ከግድግዳው 1 ሜትር ራቅ አድርገው ለ1 ሰዓት ክፍት ይተዉታል። ከዚያም በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከ5 እስከ 7 ቀን አቆይተው የበቀለውን ይቆጥራሉ። ሌላም በመሣሪያ አየር እየሳቡ የሚቆጥሩበት ዘዴ አለ። እኛ ግን ከሦስቱ ቁራሾች አንድ ነገር ተምረናል፦ ዘሩ የሌለበት ቦታ የለም።

ታዲያ ዘሩ በየትም ካለ ምን ይደረጋል? ዛሬ እንድትይዙልን የምንፈልገው አንድ ቃል ይህ ነው። ዘሩን ከአየር ማጥፋት አይቻልም፤ ውሃውን መከልከል ግን ይቻላል። ሻጋታ ዘርም ምግብም በየቦታው አለው፤ ሲጎድለው የሚኖረው ውሃ ብቻ ነው።

ለምን በክረምት? ለምንስ በትምህርት ቤት?

አዲስ አበባ ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛውን የምታገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የሚዘጋው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። እኛ ስናየው፣ ልጆቹ ስለሌሉ ችግር የለም እንላለን። ለሻጋታ ግን ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለውም። ክፍሉ ይቆለፋል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ የሚያፈሰውን ጣራ የሚያይ ሰው የለም። ሁለት ወር ሙሉ በጨለማና በርጥበት የበቀለው፣ መስከረም ላይ ፀሐይ ስትወጣ ይደርቃል። ከዚያ ልጆቹ ገብተው ወንበር ሲጎትቱ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ በደረቅ መጥረጊያ ስትጠርግ፣ የደረቀው ዘር ይቦናል። በክረምቱ የተዘራው በመስከረም ይታጨዳል፤ አጫጆቹ ሕፃናት ናቸው።

ውሃው በአራት በኩል እንደሚገባ በትምህርት ቤቱ ዞረን አይተናል።

አንደኛው ከላይ ነው። የቆርቆሮው ሚስማር ላልቷል፣ አሸንዳው በቅጠል ተደፍኗል፣ አንዱ ጎን ወርዷል። ከጣራው የሚወርደው ውሃ በቀጥታ ግድግዳውን ይመታል። ጭቃው ውስጥ ያለው ጭድ ሲርስ ለሻጋታ የተዘጋጀ ምግብ ነው።

ሁለተኛው ከታች ነው። ከግድግዳው ሥር ያለው ቦይ ስለተሞላ ውሃ ይቋጥራል፣ መሠረቱም እየሳበ ወደ ላይ ያወጣዋል። ቀለሙ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ የተነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ከቆርቆሮው ራሱ ነው። ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ የክፍሉ እርጥብ አየር ውስጡ ላይ ጤዛ ይሆናል። ባላገሩ «ቆርቆሮው አላበው» የሚለው ይህን ነው። ላቡ ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ዝናብ ሳይገባ ኮርኒሱ የሚጠቁረው ስለዚህ ነው።

አራተኛው ከልጆቹ ትንፋሽ ነው። ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው በትንፋሹና በላቡ በሰዓት 40 ግራም ያህል ውሃ ይለቃል። ሕፃናቱ ከዚህ ያነሰ ይልቀቁ እንበል። ሆኖም 60 ልጅ በአንድ ክፍል ሲቀመጥ በሰዓት ከ1 ሊትር በላይ ውሃ አየሩ ውስጥ ገባ ማለት ነው። መስኮት ከተዘጋ ያ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ግድግዳው ላይ ነው የሚሄደው።

እዚህ ላይ መስኮቱን ማንሣት ግድ ነው። በሁለተኛ ክፍል ካሉት አራት መስኮቶች ሁለቱ በሚስማር ተመተው አገኘናቸው። አንደኛው የተመታው ሌባ ፈርተው ነው። ሁለተኛው ግን «ልጆቹን ብርድ ይመታቸዋል» ተብሎ ነው፤ ይህን ያሉትም እኛው ወላጆች ነን። በታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ጉንፋን ግን ከነፋስ አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ቫይረስ ይመጣል፤ እሱም የሚመቸው የተዘጋ ክፍል ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ መስኮት ክፈቱ የተባልነው ለዚሁ ነበር። ልጁ እንዳይበርደው ሹራብ ማልበስ እንጂ አየር መከልከል መፍትሔ አይደለም።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው?

ሰውን ማስፈራራት አንፈልግም። ጤነኛ ሰው በየቀኑ ከ10,000 ሊትር በላይ አየር ይተነፍሳል፤ ከዚያም ጋር የሻጋታ ዘር ይስባል፤ ሰውነቱ ግን ይከላከለዋል። ችግሩ በሦስት ዐይነት ሰዎች ላይ ይጠነክራል። አንደኞቹ አለርጂ ያለባቸው ናቸው፤ ያስነጥሳሉ፣ አፍንጫቸው ይዘጋል፣ ዓይናቸውን ይበላቸዋል። ሁለተኞቹ አስም ያለባቸው ናቸው፤ ደረታቸው ይጨነቃል፣ ሲር ሲር ይላል፣ ሌሊት ሳል ይነሣባቸዋል። ሦስተኞቹ በሕመም ወይም በመድኃኒት ምክንያት የሰውነታቸው መከላከያ የደከመ፣ እንዲሁም በሳንባ ነቀርሳ ሳንባቸው የተጎዳ ናቸው፤ በነዚህ ላይ አስፐርጂለስ የተባለው ሳንባቸው ውስጥ ሊበቅል ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ውስጥ ርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ በሚረጥቡና በሚሻግቱ ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ሕመምና ለአስም ይበልጥ እንደሚጋለጡ ገልጿል። ይህን ያህል ዘር ይፈቀዳል፣ ከዚህ በላይ ክልክል ነው የሚል ቁጥር ግን አላስቀመጠም፤ ርጥበቱን አስወግዱ ነው ያለው። ስለዚህ ላቦራቶሪ እስኪመጣልን መጠበቅ የለብንም። ግድግዳው ከጠቆረና ክፍሉ ከሸተተ ምርመራው አልቋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ሳልን ሁሉ ሻጋታ ነው ብሎ መተው አደገኛ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ልጅም ሆነ ትልቅ ሰው ለነቀርሳ መመርመር አለበት። ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ደግሞ አድሮ ይታያል አይባልም።

የማይጠቅመውና የሚጠቅመው

ሽታውን ለማጥፋት ክፍሉ ውስጥ ዕጣን የሚያጨሱ አሉ። ዕጣን ሽታ ይሸፍናል እንጂ ሻጋታ አያጠፋም፤ ጭሱም አስም ላለበት ልጅ ሌላ ጠላት ነው። ርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም መቀባትም ገንዘብ መጣል ነው፤ በሚቀጥለው ክረምት ከነቀለሙ ይነሣል። በረኪናን በተመለከተ፣ ጭቃና እንጨት ውስጥ ዘልቆ አይገባም፤ ላይ ላዩን ያነጣዋል እንጂ ሥሩ ይቀራል። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል ደግሞ መርዛም ጋዝ ስለሚያወጣ ከቶ አይደረግም።

የሚጠቅመው ቀላል ነገር ነው። የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ከደረቀ ሻጋታ አብዛኛውን ጊዜ ለመብቀል ጊዜ አያገኝም። ይህን ሰዓት ልብ በሉ፤ የድንኳናችን ጥፋት ያለው እዚህ ላይ ነው። ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናብ ባቆመ ቁጥር፣ የክፍሎቹ መስኮት በየቀኑ ጥቂት ሰዓት ይከፈት፤ በሁለት ፊት ያለው አብሮ ቢከፈት ነፋሱ አልፎ ይሄዳል። ቁም ሣጥንና መጻሕፍት ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቁ። የሻገተው ጠንካራ ነገር በሳሙናና በውሃ፣ በብሩሽ ታጥቦ በሚገባ ይድረቅ። የበሰበሰ ኮርኒስና ሰሌን ይወገድ። የሚያጸዳው ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ጓንት ያድርግ፤ አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ አይሥራ። ወለሉ ውሃ ተረጭቶ ይጠረግ እንጂ በደረቁ አይጠረግ። ሥራው ሁሉ ልጆቹ ሳይገቡ ይለቅ። ጣራውና ቦዩ ተጠግኖ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ኖራ ይቀባ፤ ኖራ ለሻጋታ የሚመች አይደለም፤ ዋጋውም ቀላል ነው።

ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ

አንደኛ፦ የእድሩ ድንኳን ርጥብ ሆኖ ዕቃ ቤት እንዳይገባ ደንብ ይውጣ። ዝናብ ከሆነ ሰፋ ያለ በረንዳ ያለን አባሎች በተራ ተቀብለን እናሰጣው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ይድረቅ። ከኛ ከሦስታችን ሁለታችን በረንዳችንን ከዛሬ ጀምሮ ሰጥተናል።

ሁለተኛ፦ በነሐሴ የመጨረሻው ቅዳሜ፣ ቀብር ካላጋጠመ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ወጥቶ አሸንዳውን እንጥረግ፣ ቦዩን እንክፈት፣ የተመቱትን መስኮቶች እንክፈት። ሌባ ለሚፈራበት መስኮት ሚስማር ሳይሆን የብረት ፍርግርግ ነው የሚያስፈልገው። የትምህርት ቤቱን አስተዳደር አነጋግረናል፤ ፈቃደኞች ናቸው፤ የጎደላቸው ገንዘብና ሰው ነው።

ሦስተኛ፦ ገንዘቡን በተመለከተ ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን። በመተዳደሪያ ደንባችን የለቅሶ ገንዘብ ለሌላ ሥራ አይውልም፤ እኛም አይንካ እንላለን። ያዘነ ቤት የሚጠብቀው ገንዘብ ነውና። ነገር ግን ከቀብርና ከስብሰባ የቀረን አባሎች የከፈልነው የቅጣት ገንዘብ ለብቻው ተቀምጧል። ለሙት ሳንደርስ ቀርተን የተቀጣነው ገንዘብ፣ ለሕያው ልጅ ጣራ ቢውል ማንም የሚጎዳ አይመስለንም። ለአሸንዳ፣ ለፍርግርግና ለኖራ ከዚያ ላይ ወጪ እንዲሆን፣ ሒሳቡም በገንዘብ ያዡና በሁለት ወላጆች ፊርማ እንዲወራረድ እናሳስባለን።

የተከበራችሁ አባሎች፣ እድራችን ሰው ከሞተ በኋላ ፈጥኖ መድረስን በሚገባ ያውቅበታል። ጥሩምባው በተነፋ በሰዓቱ ድንኳን ይቆማል፤ በዚህ የሚያማን ሰው የለም። ባለፈው መስከረም ሌሊት ግን ጥሩምባ ሳይነፋ አንድ አባት ልጁን አዝሎ ሲሮጥ የሰማነው አልነበረም። ያ ልጅ በሚመጣው መስከረም ሦስተኛ ክፍል ይገባል፤ ክፍሉን ለቆ ይወጣል። በእርሱ ቦታ የሚቀመጡት ታናናሾቹ ናቸው። ከመካከላቸው ማን አስም እንዳለበት ገና አናውቅም። እስከዚያ ድረስ ያሉት ቀናት በእጃችን ናቸው።

በቀረቡት ሦስት ሐሳቦች ላይ ተወያይታችሁ እጅ በማውጣት ውሳኔ እንድትሰጡበት በትሕትና እንጠይቃለን።